ለማስረጃ የተቀመጠ ቆሻሻ

«በጆንያው በኩል ዝጋበት» አለች እታለም፣ ረጅሙን የዳቦ ማውጫ እንጨት በሁለት እጇ ጨብጣ።

ጋጋሪው ሊጥ የተለጠፈበትን እጁን ዘርግቶ የመጋዘኑን በር ዘጋ። አይጡ፣ አይጥ ማለት ሲያንሰው ነው፣ የድመት ግልገል ያህላል፣ በዱቄት ጆንያዎቹ ላይ ሽምጥ ጋለበ። እታለም ሰነዘረች። እንጨቱ ያገኘው ጆንያውን ነበር። ዱቄቱ ቦነነ፤ ሁለቱም ነጭ በነጭ ሆኑ። አይጡ በግድግዳው ሥር ባለችው ቀዳዳ ሾልኮ የውሃ ሽታ ሆነ።

«ይሄ ትናንት የደፈንኩት ቀዳዳ ነው?» አለች።

«አይደለም። የትናንቱ ከጎኑ ያለው ነው። ይሄ አዲስ ነው።»

እታለም እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ያላደረገችው ነገር የለም። ቀዳዳውን በሲሚንቶና በተሰባበረ ጠርሙስ ደፍናለች፤ ጎኑን ቦረቦሩት። መርዝ አስቀምጣለች፤ የሞቱት ሸቱ፣ ያልሞቱት ተተኩ። ድመትም አምጥታ ነበር። ድመቲቱ አንድ ሌሊት መጋዘን ውስጥ አድራ ብዛታቸውን ካየች በኋላ ከምድጃው ሥር መተኛትን መረጠች።

ሰፈሩ በሙሉ እታለም ነው የሚላት። በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ትኩስ ዳቦ ሲቀርብለት ወደ እታለም ይመለሳል። ባሏ ሞቶ የተዋት ከሁለት ሴት ልጆችና ከዚህ ዳቦ ቤት ጋር ነው። ትልቋን በዚህ ምድጃ አስተምራ ድራለች፤ ታናሿ ገና ኮሌጅ ናት። ጋጋሪውም ሚስቱ በቅርቡ መንታ ወልዳለታለች። ከዚህ መጋዘን ዱቄት የሚጠብቀው እንግዲህ ገበያተኛው ብቻ አይደለም።

ችግሩ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አልሆነም። ባለፈው የጤና ተቆጣጣሪዋ መጥታ ነበር። ወጣት ልጅ ናት፣ ትሁት ናት፣ ግን ፊቷ በዳቦ አይፈታም። ከጆንያዎቹ ሥር የአይጥ ኩስ በእርሳሷ ጫፍ እየገፋች ካሳየቻት በኋላ፣ «እናቴ፣ ዛሬ አስጠንቅቄ እሄዳለሁ። በዚህ ሳምንት ተመልሼ አንዲት ፍሬ ባገኝ አሽገዋለሁ» ብላት ሄደች። ሳምንቱ ደግሞ እየተገባደደ ነው።

አይጦቹ ከየት እንደሚመጡ እታለምም ታውቃለች፣ ሰፈሩም ያውቃል ማለት ይቻላል፤ ድመቲቱ ሳትቀር ታውቃለች። ከመጋዘኑ ግድግዳ ማዶ አንድ ባዶ ቦታ አለ። ባለቤቱ የነበሩት አዛውንት ሲሞቱ ለወንድ ልጃቸውና ለሴት ልጃቸው «እኩል ተካፈሉ» ብለው ሞቱ። መሬቱ ግን ከፊት ሰፊ፣ ከኋላ ጠባብ ነው፤ እኩል የሚባለው የት ላይ እንደሆነ ሳይስማሙ ቀሩና ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። እስኪወሰን ድረስ መሐል ለመሐል ገመድ ወጠሩ። ወንድምየው የራሱን ድርሻ አስጠረገና አረሙን፣ ፍርስራሹን፣ የሰፈሩን ጥራጊ ሁሉ ወደ ገመዱ አስገፋው። እህትየውም ሰምታ ዝም አላለችም፤ የሷን ድርሻ አስጠርጋ እሷም ወደ ገመዱ አስገፋችው። አሁን ቦታው ከወዲህም ንጹሕ ነው፣ ከወዲያም ንጹሕ ነው። መሐሉ ላይ፣ ልክ ገመዱ ሥር፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ እታለም መጋዘን ግድግዳ ድረስ የተጋደመ የሰው ቁመት የሚያህል ክምር አለ። አይጦቹ ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ያገኛሉ?

እታለም ቢሮ ለቢሮ ደጅ ጠንታለች። የፅዳት ቢሮው ወደ መሬት ቢሮው ላካት። የመሬት ቢሮው «ክርክር ላይ ያለ ቦታ አንነካም» ብሎ ወደ ፅዳት ቢሮው መለሳት። በመጨረሻ ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

«እስቲ ፊቴን ልታጠብ» ብላ ተነሳች። «ዛሬ ይዋጣልናል።»

«ከማን ጋር?» አለ ጋጋሪው።

«ካገኘሁት ጋር።»

መጀመሪያ የሄደችው ወንድምየው ዘንድ ነው። ጎማ ይሸጣል፤ ባለ ጎማው ነው የሚባለው። ሱቁ በር ላይ በተደረደሩ ጎማዎች መሐል ወንበሩን አስገብቶ ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር። እታለምን ሲያያት ድምፁን አልቀነሰም።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ?»

«ደህና። ስለዚያ ቦታ ከሆነ የመጣሽው ጠበቃዬን አናግሪ።»

«ጠበቃዎ አይጥ ያባርራል?»

ባለ ጎማው ሬዲዮውን ዘጋው። «እኔ የድርሻዬን ጠርጌአለሁ። ሂጂና እዪ። ከገመዱ ወዲህ አንዲት ቅጠል ካገኘሽ እኔ ሰው አይደለሁም።»

«ገመዱ ሥር ያለውስ?»

«እሱ የሷ ነው። ወደ ድንበሬ የገፋችው እሷ ናት። ደግሞ እንዳትነኪው። ማስረጃ ነው።»

እታለም የሰማችውን ማመን አቃታት። «ምኑ? ቆሻሻው?»

«አዎ። ዳኛው ቦታውን ለማየት ሲመጡ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። እህት ተብዬዋ ምን እንዳደረገች ያኔ ይለያል።»

«ዳኛው መቼ ነው የሚመጡት?»

«ቀጠሮው ከዝናቡ በኋላ ዞሯል።»

«ጋሼ፣ እስከዚያ እኮ ዳቦ ቤቴ ይታሸጋል። በዚህ እንጀራ የሚኖረው ስንት ሰው እንደሆነ ያውቁታል።»

«አዝናለሁ» አለ። ማዘኑስ እውነቱን ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ነገር የያዘው ሰው ነው። «አዝናለሁ። ግን እሷን ጠይቂ።»

እህትየዋ ፀጉር ሠሪ ናት። ሱቋ ከወንድሟ ሱቅ ብዙ አይርቅም፤ ሁለቱ ግን እንዳይተያዩ ሲሉ አንዳቸው ጠዋት በላይኛው መንገድ፣ ሌላቸው በታችኛው ይሄዳሉ። እታለም ስትገባ ፀጉር ሠሪዋ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ነበር።

«እታለምዬ፣ ግቢ። ልሥራሽ?»

«ለፀጉር አይደለም የመጣሁት። ለዚያ ክምር ነው።»

የፀጉር ሠሪዋ ፊት ተቀያየረ። «የኔን ድርሻ ጠርጌአለሁ። ከገመዱ ወዲህ አንድ ቅጠል ካለ እኔ ሰው አይደለሁም። የቀረው የሱ ነው። ደግሞ እንዳይነካ፣ ማስረጃ ነው።»

ከአንድ ማሕፀን መውጣታቸው በዚህ ይታወቃል። እታለም ብትስቅ ደስ ባላት፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም።

«አንቺ እንኳ ሴት ነሽ፣ ቤት ታስተዳድሪያለሽ፣ ይገባሻል ብዬ ነበር» አለች። «ግድግዳዬን በልተው እየጨረሱት ነው። ከናንተ ቦታ ነው የሚመጡት። የሁለታችሁ ጠብ የኔን ቤት ለምን ያፈርሳል?»

ፀጉር ሠሪዋ የያዘችውን ማበጠሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እታለምዬ፣ አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልበልሽ? አይጦቹ ከኛ ቦታ ይምጡ፤ እሺ። ቀለባቸውን ግን እኔ ነኝ የምሰፍርላቸው? ያ ሁሉ ያረረ ዳቦ ከሰማይ ነው የሚወርደው?»

ደንበኛዋ በመስታወቱ ውስጥ እታለምን አየቻትና ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። እታለም «ምን ዳቦ?» ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ሳትሰናበት ወጣች።

ዳቦ ቤቷ ስትደርስ ቀጥ ብላ ወደ ጓሮ ገባች። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ቆመችበትና በግንቡ ላይ አሻግራ አየች። ለካ ይህን ያህል ጊዜ ያን ክምር ስትሰድበው ከመንገድ በኩል ብቻ ነበር የምታየው። በዚህ በኩል፣ ከግንቡ ሥር፣ ክምሩ ሌላ ነው። ከሰል የመሰለ የዳቦ ቅርፊት፣ ሻጋታ የወረሰው ቁራሽ፣ ከመጋገሪያው ፓትራ የተፋቀ ዱቄት፣ አመድ። አንድ አይጥ በጠራራ ፀሐይ ቁጭ ብሎ ይበላል። አያት፤ ግን አልሮጠም።

«ና እስቲ አንተ» ብላ ጋጋሪውን ጠራችው። «ያረረውን ዳቦ የት ነው የምትጥለው?»

«ያው ወደዚያ ነዋ።»

«ወደየት?»

«በግንቡ ላይ።» ጋጋሪው እጁን በሽርጡ ጠረገ። የነገሩ አዝማሚያ አላማረውም። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽኝ? መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን የት ልድፋው ብዬ ስጠይቅሽ፣ ወዲያ ማዶ ወርውረው፣ ባለቤት የለው፣ አልሽኝ።»

እታለም አስታወሰች። ዱቄት ሊያራግፉ የመጡ ሰዎችን እያስተናገደች፣ ፊቷን እንኳ ሳትመልስ ነበር ያለችው። ከዚያ ወዲህ ስንት ፓትራ አርሯል? ምድጃው እንደሆነ በግራ ጎኑ ሁሌም ያሳርራል። ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ፤ አፈረች። ጋጋሪው ልሂድ ልቁም እያለ ቆየ።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የሚያስመሰግን አልነበረም። ዳቦውን ብቻ በጸጥታ ለቅሜ ላንሳውና፣ ከዚያ የቀረው የነሱ ነው ብዬ ልሟገት፣ ብላ አሰበች። እንዲያ ስታስብ ራሷን ሰማችው። ከገመዱ ወዲህ አንዲት ቅጠል ካለ እኔ ሰው አይደለሁም። የሁለቱ ቃል በሷ አፍ ሊወጣ ምን ቀረው?

ከሳጥኑ ወረደች። «ባዶ የዱቄት ጆንያ ስንት አለን?»

«ሞልቷል።»

«አውጣው። ሁለት አካፋም ከጎረቤት ተበደር። ባለ ጋሪውንም ለከሰዓት ያዘው።»

«ዳቦውን ልናነሳ ነው?»

«ሁሉንም።»

«እታለም፣ ይከሱሻል እኮ።»

«ይክሰሱኛ።»

ስልኳን አወጣችና ለሁለቱም ደወለች። የነገረቻቸው አንድ ዓይነት ቃል ነው። «ከምሳ በኋላ ክምሩን ላነሳ ነው። ማስረጃውን የፈለገ መጥቶ ይቁምለት።» መልስ ሳትጠብቅ ዘጋችው።

ሁለቱም መጡ። አንዱ ቀርቶ ሌላው ብቻ ቢገኝ የሚሆነውን ፈርተው ነው እንጂ ለሷ ብለው አይደለም። ባለ ጎማው ከገመዱ ወዲህ፣ ፀጉር ሠሪዋ ከገመዱ ወዲያ ቆሙ። አይተያዩም፤ ሁለቱም የሚያዩት የእታለምን አካፋ ነው። እታለም ፀጉሯን በሻሽ ጠፍራ፣ ወገቧን ታጥቃ፣ ከግንቡ ሥር ጀምራለች። ጋጋሪው ጆንያ ይይዛል፤ እሷ ትዝቃለች።

«ያ ከኔ በኩል ነው የተነሳው» ይላል ባለ ጎማው።

«ልብ በሉ፣ ድንጋዩ ከኔ ወገን አይደለም» ትላለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ።

አካፋው አንድ ፍርስራሽ ሲያነሳ ከሥሩ አይጦች በአራቱም አቅጣጫ ፈሰሱ። ፀጉር ሠሪዋ ቀሚሷን ሰብስባ ዘለለች፤ ያረፈችው ከገመዱ ወዲህ፣ ወንድሟ እግር ሥር ነው። ባለ ጎማው ደንግጦ ክንዷን ያዘ። ወዲያው ለቀቃት፤ እሷም ቶሎ ወደ ወገኗ ተመለሰች። እታለም አላየሁም አለች።

የጤና ተቆጣጣሪዋ የመጣችው ይኼኔ ነው። ወደ ዳቦ ቤቱ ገብታ ሰው ስታጣ ድምፁን ተከትላ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች። ክምሩን አየች፣ አይጦቹን አየች፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየች።

«የዚህ ቦታ ባለቤት ማነው?» አለች ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አውጥታ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱ በአንድ ድምፅ። የመንግሥት እስክሪብቶ ሲያዩ ቀን ሙሉ የካዱት ክምር ያረፈበት መሬት በአንዴ የራሳቸው ሆነ።

«ጥሩ። ማፅዳት የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ይህን ያህል እስኪከመር ዝም በማለትም ቅጣት አለው። በማን ስም ልጻፈው?»

ባለ ጎማው ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ፣ ነገሩ ገና በፍርድ ቤት የተያዘ ነው።»

«እኔም ብሆን በእጄ የገባ ነገር የለኝም» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን ከደነች። «እንግዲያው እኔ የማውቀው ዳቦ ቤቱን ነው። ኃላፊ የሌለው ቆሻሻ አጠገብ ዱቄት አይቀመጥም። መጋዘኑን ማሸግ አለብኝ፣ እናቴ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆንያው አፍ ላይ የነበረውን አንድ ጥቁር ነገር በጫማዋ ጫፍ ገፋችው። «ይሄስ? ዳቦ ነው?»

ፀጉር ሠሪዋ እንኳ፣ ያን ነገር በሱቋ በድፍረት የተናገረችው ሴት፣ መሬት መሬት አየች።

«ከየትም ይመጣል እኮ» አለ ጋጋሪው ፈጠን ብሎ። ላብ በላብ ሆኗል። «ውሻም ጎትቶ ሊያመጣው ይችላል፤ የሰፈር ልጆችም…»

«የኔ ነው» አለች እታለም።

ጋጋሪው ዓይኖቹን ጨፈነ።

«የኔ ነው፣ ልጄ። ከዚህ ግንብ ላይ ስንወረውር የኖርነው እኛ ነን። ባለቤት የለውም ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም። አይጦቹን ስቀልባቸው ከርሜ፣ ጆንያዬን ሲበሉብኝ ባለቤት ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ።»

«ይህን ለኔ መናገር ምን እንደሚያመጣብዎት ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።» አካፋውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ብታሽጊው አልፈርድብሽም። ግን አሽገሽው ስትሄጂ ይሄ ክምር እዚሁ ይቀመጣል፣ እነሱም እዚሁ ይቆማሉ። ባለ መሬቱን ዳኛው ይፈልጉት። ለቆሻሻው የምትጠየቀው ሰው ብለሽ እኔን ጻፊ።»

ባለ ጎማው ከቆመበት ተስፈነጠረ። «ይሄውላችሁ! ዛሬ ቆሻሻውን፣ ነገ መሬቱን ልትይ ነዋ!»

«ጋሼ፣ መሬታችሁን አልፈልግም። ሰውን እንዴት እንደሚያደርግ እያየሁ ምን አድርጌ እመኘዋለሁ?»

ተቆጣጣሪዋ ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ቦርሳዋ አቀረቀረች። ቀና ስትል ፊቷ እንደ ወትሮው ነበር። «መሬት መጻፍ የኔ ሥራ አይደለም» አለች። «ነገ ጠዋት ሥራ ስገባ በዚህ በኩል አልፋለሁ። ክምሩ ካለ አሽጋለሁ፤ ልመና አልሰማም። ከሌለ ደግሞ፣ ከነገ ጀምሮ እዚህ ቦታ ላይ አይጥ ባይ የምመጣው ወደ እርስዎ ነው። ፍርድ ቤት ነው፣ የነሱ ነው፣ የሚባል ነገር የለም። ተስማሙ?»

«ተስማምቻለሁ።»

ተቆጣጣሪዋ ስትሄድ ባለ ጎማው ጣቱን ቀስሮ፣ «ማስረጃ በማጥፋት እከስሻለሁ» አለ።

«እኔም» አለች ፀጉር ሠሪዋ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ክሰሱኝ። በቀጠሮ በቀጠሮ እስኪደርሰኝ ጠርጌ እጨርሳለሁ። ማስረጃ ካላችሁ ደግሞ ስልክ ይዛችኋል፤ ፎቶ አንሱት። ፎቶ አይጥ አያራባም።»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ እያንዳንዳቸው በየወገናቸው፣ ገመዱን ሳይሻገሩ፣ ክምሩን ከላይም ከታችም ፎቶ አነሱት። ባለ ጎማው በላይኛው መንገድ ሄደ። ፀጉር ሠሪዋ ትንሽ ዘገየች፤ አንድ ነገር ልትል ፈልጋ፣ «ጓንት የለሽም እንዴ?» ብቻ ብላ በታችኛው ሄደች።

ፀሐይዋ ወደ ጣሪያዎቹ ወርዳለች። ባለ ጋሪው ተመላልሷል፤ ክምሩ ግን ገና ግማሽ አልሆነም። የእታለም መዳፍ ተልጧል፣ ወገቧ የሷ አልመስል ብሏታል።

«እታለም» አለ ጋጋሪው። «የማታውን ሊጥ ካሁኑ ካላቦካሁ አይደርስም። ሰው ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ገብቼ ላቡካና አንቺ ቀስ እያልሽ…»

እታለም ክምሩን አየችው። የማታው ዳቦ የቀኑ ገበያ ነው፤ የጠዋቱ ወጪን ቢሸፍን ነው። ልጁ ከገባ ግን ይሄን ለብቻዋ አትጨርሰውም። ምድጃው ደግሞ ከተለኮሰ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ባሏ የተቀበረ ዕለት እንኳ ዘመድ ገብቶ ጋግሮበታል።

«ምድጃውን አጥፋውና ና» አለችው።

«አጥፋው?»

«አጥፋው። በሩ ላይ ለሚመጣ ሰው፣ ዛሬ የማታ ዳቦ የለም በል።»

«ለምን ካሉኝስ?»

እታለም የሻሿን ጫፍ ፈትታ ፊቷን ጠረገች፤ መልሳ አሰረችው። «ቆሻሻዋን እያነሳች ነው በላቸው።»

ጋጋሪው ሊያጠፋ ገባ። እሷ አዲስ ጆንያ አራግፋ ከፈተችና፣ እስኪመለስ ድረስ አፉን በጉልበቷ ይዛ መዛቅ ጀመረች።